ከስኳሩ የተረፍኩ ጊዜ

እናቴና አባቴ ከወንድሜ አብልጠው እንደሚወዱኝ ያረጋገጥኩት ዱብቲ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ በሙቀት ተሸንፎ በሚያሸልብበት ቀትር ላይ፣ በሰሌን ግድግዳ ቀዳዳ አጮልቄ እያየሁ ነው። የፊት ጥርሶቼን የምነቅልበት ዕድሜ ነበር። ያየሁት ሁሉ እውነት ነበር፤ የገባኝ ግን አንዱም ትክክል አልነበረም። እውነቱ ግማሹ በወጣትነቴ፣ ግማሹ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ደረሰኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ሃምሳዎቹ ሊያልቁ ግድም። የአዋሽ ውሃ በቦይ ተጠልፎ ሜዳው ሁሉ ጥጥ ሆኗል። አባቴ እሸቴ ከመንዝ ወርዶ የእርሻው ሚዛን ጸሐፊ ሆኖ ነበር፤ ለቃሚዎች ጆንያቸውን ሚዛን ላይ ሲያወጡ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ክብደቱን ጮክ ብሎ የሚጠራው እሱ ነው። እናቴ መንበረ ታናሽ ወንድሜን ቢሰጥን ታቅፋ ቤት ትውላለች። ቢሰጥ ያኔ ገና ግድግዳ ይዞ መቆም ጀምሮ ነበር። በግድግዳ የምንዋሰነው ከድሩ ከሚባል የባቲ ሰው ጋር ነው። ከፊት ሱቅ አለው፤ ከኋላ በሰሌን በተከለለ ማድቤት ሚስቱ ኡሙሀኒ ሻይ ታፈላለች። እናቴና ኡሙሀኒ አንዷ ያለ አንዷ እህል አይወርድላቸውም ነበር።

እኔ ሰርክአዲስ ሳይጠሩኝ አቤት፣ ሳይልኩኝ ወዴት የምል ልጅ ነበርኩ። ካምፑ ውስጥ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ዶሮ የማን ቤት እንቁላል እንደጣለች ከኔ የሚያመልጥ አልነበረም፤ የሰማሁትንም ሳላደርስ አላድርም። አባቴ "የካምፑ ራዲዮ" ይለኝ ነበር። ምስጋና ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ልጆችን የሚይዝ ትኩሳት ገባ። ትኩሳቱ ይሰነብትና ይለቃል፤ ሲለቅ ግን የልጁን እግር ይዞ ይሄዳል። ልምሻ ይሉታል። አዳይቱ በምትባል ከተማ የምትኖረው የኡሙሀኒ እኅት ልጅ እንደዚያ ሆና ቀረች። ኡሙሀኒ ልጅቱን አይታ የተመለሰች ዕለት ከእናቴ ጋር በራችን ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ አስታውሳለሁ።

"እግሯ ጨርቅ ሆኗል መንበረ። ወላሂ፣ የታጠበ ጨርቅ ነው የሚመስለው" አለች ኡሙሀኒ።

እናቴ የቢሰጥን እግር ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ደጋግማ ዳሰሰች። የኔን አልዳሰሰችም። ስሮጥ ስለምውል ይሆናል።

ብዙም ሳይቆይ ጥጡ ላይ የተባይ መድኃኒት የሚረጨው ትንሹ አይሮፕላን አንዲት ፈረንጅ ነርስና አንድ ሳጥን ይዞ መጣ። ሳጥኑ ሲከፈት በዚያ ሙቀት ጭስ የሚመስል ነገር ይወጣዋል፤ ውስጡ በረዶ ነው። ከኛ መሐል በረዶ አይቶ የሚያውቅ ልጅ አልነበረምና ክሊኒኩን ከበብነው። ድሬሰሩ ተክለ ማርያም ያባርረናል፣ እኛም እንመለሳለን። ቁስል ሲያጥብ የሚያፏጭ፣ ማንንም ተቆጥቶ የማያውቅ ሰው ነበር። በየቤቱ ዞሮ "የልምሻ ክትባት መጥቷል፤ ልጆቻችሁን አምጡ" አለ።

ክትባት ሲባል ሰው ሁሉ የሚያውቀው የፈንጣጣውን ነው። ክንድ ይጫራል፣ ያብጣል፣ ጠባሳ ይተዋል። ይኼኛው ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። ግራሩ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ወጣ፤ ነጭ ጨርቅ ተነጠፈበት። ነርሷ ፀጉሯን በነጭ ሸፍና ቆመች። ከጠርሙስ ቀላ ያለ ጠብታ አራት ማዕዘን በተቆረጠ ስኳር ላይ ጠብ ታደርጋለች፣ ስኳሩን በወረንጦ ታነሣለች፣ አፉን የከፈተው ልጅ ምላስ ላይ ታስቀምጠዋለች። ተክለ ማርያም ከጎኗ ቆሞ "እንዳትተፉ! አፋችሁን ያዙ! ለጊዜው ውሃም እንዳትጠጡበት!" ይላል።

ቤተ ክርስቲያን ላደገ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይነገረዋል? ነጭ ጨርቅ፣ ነጭ ቁራሽ፣ ቀይ ጠብታ፣ አፍ መያዝ። የእርሻው ኢንጂነር ልጆች ተሰልፈው ሲወስዱ ያዩ የካምፑ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ተመለሱ።

ለነገሩ ስም ያወጣለት ትራክተር የሚጠግነው ካሣ ነው። ካሣ አስመራ ኖሯል፤ ብዙ አይቻለሁ ይላል። የሚካኤል ማኅበር እኛ ቤት በተጠጣበት ዕለት ዋንጫውን አስቀምጦ ተናገረ።

"እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። ካቶሊኮቹ ሲያቆርቡ እንዲሁ ምላስ ላይ ነው የሚያኖሩት። ልጆቻችንን በስኳር አመካኝተው እያቆረቧቸው ነው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት።"

"መድኃኒት ቢሆንስ?" አለች እናቴ ጠላ እየቀዳች።

"መድኃኒት ከሆነ ስለምን አይመርም?" አለ ካሣ።

አባቴ የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው፣ ነበርና ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ተነሣና "ሚካኤል ምስክሬ ነው፤ ከኔ ቤት ያን ስኳር የሚቀምስ ልጅ የለም!" ብሎ ማለ። ወንዶቹም እየተነሡ ማሉ። መሐላውን ያፈረሰ ከማኅበሩ ይወጣል፤ እሳት አይጫጫሩትም፤ ቢሞት አይቀብሩትም። አገሩን ጥሎ በረሃ ለወረደ ሰው ማኅበሩ ዘመዱም ርስቱም ነው። ይህ ለኔም ይገባኝ ነበር። እናቴ ከንፈሯን ነክሳ የጋኑን አፍ ከደነች። በፈረንጆቹ የተናደደች መሰለኝ።

ከግድግዳው ማዶ ከድሩም የራሱ ጥርጣሬ ነበረው። "የተባይ መርዝ በሚጭን አይሮፕላን የልጅ መድኃኒት ይመጣል? ያቺ ቀይ ጠብታስ ኸምር፣ የሚያሰክር መጠጥ፣ ብትሆን? ደግሞ ጤነኛ ልጅ መድኃኒት ሲበላ የት ታይቷል?" እያለ ሱቁ ለገባ ሁሉ ይናገራል። የካምፑ ሙስሊምና ክርስቲያን ያን ያህል በአንድ ቃል ሲስማማ አይቼ አላውቅም።

እኔ ሥራ አገኘሁ። የኢንጂነሩን ልጆች አንገት እየዞርኩ አየሁ፤ ማተባቸው አልወደቀም። ስለዚህ የሚበጠሰው በውስጥ ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ያጠራጥረኝ ጀመር። ኡሙሀኒ ግድግዳውን ስታንኳኳና እናቴ ወጥ ምድጃ ላይ ትታ ስትወጣ፣ እኔን ሲያዩ ሁለቱም ስለ ሽንኩርት ማውራት ሲጀምሩ፣ አንድ ነገር እንዳለ አወቅኩ።

አርብ ቀትር ላይ ከድሩ ጁምዓ ሊሰግድ ሄደ። አባቴ ውሃ የተነከረ አንሶላ ለብሶ ተኝቷል። እናቴ "አንቺም ተኚ" ብላኝ ቢሰጥን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። አሸፋፈኗ የሰረቀችው ልጅ አስመሰለው። ተከተልኳት። ከኡሙሀኒ ማድቤት ኋላ ሰሌኑ የት ጋ እንደተቀደደ አውቃለሁ። የጋለው አሸዋ ጉልበቴን እያቃጠለኝ ዓይኔን ቀዳዳው ላይ ገጠምኩ።

ተክለ ማርያም ውስጥ ተቀምጧል። ያልቀመሰው ሻይ ፊቱ አለ፤ ከአጠገቡ በረዶ የሞላ ብርጭቆ፣ በበረዶው መሐል ያቺ ጠርሙስ። ያን ቀን አላፏጨም።

"ቶሎ በሉ። ስኳሩን አምጥቻለሁ" አለ።

"ስኳሩን አልፈልግም ጋሽ ተክሌ" አለች እናቴ። "ቁርባን ነው ይላሉ። አይደለም ብትለኝም ልቤ አይቀበለውም። ሌላ ነገር ላይ አድርግልኝ።"

"ምን ላይ ላድርግልሽ?"

ኡሙሀኒ ከጣሳ ተምር አወጣች። ፍሬውን አውጥታ ሥጋውን በጣቷ አላቆጠችና በማንኪያ አቀረበችለት። "በተምር ያቆረበ ቄስ የለም፤ ለኛም ሐራም አይደለም። በል ቢስሚላህ ብለህ ጠብ አድርግበት።"

"እኔ ነኝ ቢስሚላህ የምለው?"

"በስመ አብም በል፤ ብቻ ከድሩ ሳይመጣ ጠብ አድርግ!"

መጀመሪያ ለራሷ ልጅ ለሀምዳ ሰጠች። ቀጥሎ ቢሰጥ አፉን ከፈተ፤ ፊቱን አጨማደደ፣ ዋጠ። እናቴ አፉን በነጠላዋ ጠርዝ ያዘችለት።

"ትልቋስ?" አለ ተክለ ማርያም።

"ሰርኬን ተዋት! ሰርኬን አይሆንም!" አለች እናቴ። ቀጥላ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ የተናገረችው አልተሰማኝም። ተክለ ማርያም ግን ቅር ብሎት ጠርሙሱን ዘጋ።

ልቤ በደስታ ዘለለ። ነገሩ ሁሉ በራልኝ፤ ከልጆቿ አንዱን ለፈረንጅ መስጠት ግድ ሆኖባት ቢሰጥን ሰጠች፣ እኔን አተረፈችኝ። ለወንድሜ አዘንኩለት፣ ግን ደስታዬ ከሐዘኔ ይበልጥ ነበር።

ለአባቴ መንገር ነበረብኝ። ራዲዮ አይደለሁ? ግን አሰብኩበት። ብናገር ጠብ ይነሣል፤ በጠቡ መሐል የኔም ስም ይነሣል፤ ስሜ ከተነሣ እኔንም ጠብታውን ያስውጡኛል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ዘጋሁ።

ነርሷ ልትሄድ ስትል ደግሞ ሌላ ጉድ አየሁ። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ቦይ ወርዳለች። አባቴ በቀትር ከእንቅልፉ ተነሥቶ ቢሰጥን አቀፈና "ልጁን ላናፍሰው ነው፤ አንቺ ቤት ጠብቂ" አለኝ። በዱብቲ ቀትር እንኳን ሰው ግመልም አይናፈስም። ቤቱን ትቼ ከኋላ ከኋላው ሄድኩ። በየጥላው እየቆመ ግራ ቀኙን ሲያይ እኔም ከግድግዳ እለጠፋለሁ። ክሊኒክ ገባ። በመስኮቱ ወንፊት አየሁት፤ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል።

ነርሷ ደስ ብሏት ስኳር ስታነሣ አባቴ እጁን ዘረጋ።

"ስኳሩን አይደለም" አለ።

"ምን ማለትህ ነው እሸቴ?" አለ ተክለ ማርያም።

"እኔ የማልኩት በስኳሩ ነው። ስኳሩን አይቀምስም ነው ያልኩት። ጠብታዋን በማንኪያ ውሃ ብትሰጡት ሚካኤል ከኔ ጋር ምን አለው?" ያ ክብደት ሲጠራ ሜዳውን የሚያናውጥ ድምፅ የለማኝ ድምፅ ሆነ። "ደግሞ መንበረ እንዳትሰማ። እሷ ቁርባን ነው ብላ አምናለች። ልጄን አስካድክብኝ ብላ ትፈታኛለች።"

ተክለ ማርያም ቢሰጥን አየ። "ይሄ ልጅ..." ብሎ ጀመረና ሳል ያዘው። "ይሄ ልጅ ወፍሯል" አለ ሳሉ ሲለቀው። ለነርሷ በቋንቋዋ የሆነ ነገር ነገራት፤ ፈገግ ብላ ጠብታውን ማንኪያ ውሃ ላይ አደረገችው። ቢሰጥ ይህንንም ዋጠ። ዛሬ ሳስበው ያ ድሬሰር የባልን ምስጢር ከሚስት፣ የሚስትን ከባል ጠብቆ የኖረ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ መውሰድ እንደማይጎዳ ያውቃል፤ መናገር ግን ቤት እንደሚያፈርስ ያውቃል።

"ትልቋስ?" አለ ደግሞ።

"እሷን አይሆንም። ራዲዮ ናት፤ ሳይመሽ ካሣ ጆሮ ታደርሰዋለች። ወሬው ሲበርድ፣ ሌላ ጊዜ" አለ አባቴ።

ለፈረንጅ ሰበብ እየሰጠ መሆኑ ገባኝ። ብልጡ አባቴ! እሱም አተረፈኝ። ቤት ቀድሜው ደርሼ የተኛሁ መሰልኩ። ከዚያ ቀን በፊትም ሆነ በኋላ ያን ያህል የተወደድኩ መስሎኝ አያውቅም።

አይሮፕላኑ ነርሷንም ሳጥኑንም ይዞ ሄደ። ሌላ ጊዜ የተባለው ጊዜ አልመጣም። ለፈረንጅ የተሰጠ ልጅ ነው ብዬ ስላዘንኩለት ለቢሰጥ ከድርሻዬ እቆርስለት ነበር። እሱ ግን ግድግዳውን ለቆ ተራመደ፤ ቀጥሎም ሮጠ።

ጥጡ ተለቅሞ ሳያልቅ እኔን ትኩሳት ያዘኝ። የለቀቀኝ ጠዋት ውሃ ልጠጣ ከአልጋ ስወርድ ቀኝ እግሬ አብሮኝ አልመጣም። ወለሉ ላይ ወደቅኩ። እናቴ ጮኸች። ከግድግዳው ማዶ ኡሙሀኒም ጮኸች፤ ምን እንደሆነ ሳታይ፣ ማንም ሳይነግራት።

አባቴ በጥጥ መኪና ደሴ ወሰደኝ። ጆንያ ላይ ተኝቼ ባቲን ስናልፍ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ "ሚካኤል፣ ምናለ እኔን ባደረግኸኝ! ያፈረስኩት እኔ" ሲል ሰማሁት። ስንመለስ እናቴ እግሬን በቅቤ እያሸች "ባሌን በማታለሌ እግዜር በልጄ ቀጣኝ" ስትል ሰማሁ። ለየብቻቸው ያለቅሳሉ፤ እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም። እኔም የራሴ ፍርድ ነበረኝ። ያ በማንኪያ የገባው ነገር ከቢሰጥ ወጥቶ እግሬን በላው ብዬ አመንኩ። ቢሰጥ የጠጣበትን ጣሳ ለዓመታት አልነካም ነበር። እሱ ምስኪን ደብተሬን ተሸክሞ ትምህርት ቤት ያደርሰኛል።

ልምሻ ምን እንደሆነ የተማርኩት መምህርት ልሆን ደሴ ስገባ ነው። ከጣሳው ጋር ታረቅኩ፤ ከወላጆቼ ጋር ግን በልቤ ተጣላሁ። መዳኛው በእጃቸው ሳለ ለወንድሜ ሁለት ጊዜ ሰጥተው እኔን አልፈውኛል። የአባቴን ቃል አስታወስኩ። ወሬ ፈርቶ ልጁን የሚተው አባት አለ? አላመንኩትም። ያልወደዱኝ መሰለኝ፤ በጣም ተናደድኩ። ለምን ብዬ ግን አልጠየቅኩም፤ መልሱን ፈራሁት። ሰው በደግነት የሰጠኝን ነገር እስከ ዛሬ ገልብጬ ሳላይ አልቀበልም።

አሁን የምኖረው ሰመራ ነው። ያኔ ሰመራ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነበረች፤ ዛሬ ቢሮው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ባጃጁ ሞልቶባታል። ጡረታ ወጥቻለሁ። አባቴ አምና ዐረፈ፤ እናቴን እኔ ዘንድ አመጣኋት። ቢሰጥ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል፤ ሲያልፍ ሲያገድም እኛ ጋ ያድራል፣ የልጅ ልጁንም ትቶልን ይሄዳል። ባለፈው ሰሞን የጤና ሠራተኞች በየቤቱ ሲዞሩ እኛም ጋ ደረሱ። ሕፃኗ አፏን ከፈተች፤ ጠብታው ምላሷ ላይ አረፈ። እናቴ ትኩር ብላ አየች።

"እኔም ለቢሰጥ አስጠብቼለት ነበር" አለች ሰዎቹ ሲሄዱ። "ከአባትሽ ተደብቄ፣ ኡሙሀኒ ቤት።"

"በተምር" አልኳት።

ደነገጠች። "ማን ነገረሽ?"

"በሰሌኑ ቀዳዳ አይቻችሁ ነበር።"

"አይተሽ ለአባትሽ አልነገርሽም?"

"ለማንም አልነገርኩም።"

እናቴ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። "ወይኔ መንበረ! ያን ቀን ተክሌን ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? ሰርኬን ከነፍሴ እወዳታለሁ፤ ግን አፏ አያርፍም፣ አባቷ ይሰማል፣ ቤቴ ይፈርሳል አልኩት። ቆይቶ ይሰጣታል ብዬ ነው። ቆይቶ ይደርሳል ብዬ!"

ይህን ለመስማት ዕድሜዬን ሙሉ ነው የጠበቅኩት። ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ ነበር፤ አለቀስኩ።

"እግዜር የቀጣኝ እሸቴን ስላታለልኩ ነው" አለች። "እሱ ለመሐላው ሲሞት እኔ..."

"እማዬ፣ አባዬም ወስዶት ነበር።"

"ምኑን?"

"ቢሰጥን። አንቺ ውሃ ልትቀጂ ስትሄጂ ክሊኒክ ወሰደው። በማንኪያ ውሃ አስጠጣው። መንበረ እንዳትሰማ፣ ትፈታኛለች አለ። እሱም የልጄን እግር ያጠፋሁት መሐላዬን አፍርሼ ነው እንዳለ ነው የሞተው።"

አላመነችኝም። ወንፊቱን፣ ኮፍያውን፣ "ይሄ ልጅ ወፍሯል" የተባለውን ሁሉ ስነግራት ቀስ በቀስ አመነች። ከዚያ ሣቀች። አፏን በነጠላዋ ይዛ ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ሣቀች።

"እሸቴ! እሱ እኔን ፈርቶ፣ እኔ እሱን ፈርቼ! ቢሰጥ እንግዲህ ሁለቱንም ጠጣው!"

ሣቋ እዚያው ላይ ቆመ። ቀኝ እግሬን ወደ ጭኗ ሳበችና ቀጭኑን ባቴን በመዳፏ ያዘችው።

"ሰርኬ" አለች፤ "አንዷ ጠብታ ያንቺ ነበረች።"